የእጅና የእግር ደም ሥሮችን እና የሊምፍ ሥርዓትን መመርመር፦ ለነርሶች ዝርዝር መመሪያ

ቻርት ላይ «የእጅና የእግር ትርታ ይዳሰሳል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሰፍሮ ታያላችሁ። የቱ ትርታ? በየትኛው እግር? ምን ያህል ይመታል? ማታ የታካሚው እግር ቢቀዘቅዝ ተረኛዋ ነርስ ጠዋት እንዴት እንደነበረ ማወቂያ የላትም። ይህ ሁሌም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዓይን፣ ጣት፣ ሜትር እና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። መሠረቱም አንድ ነገር ነው፦ ግራና ቀኙን ገልጦ ጎን ለጎን ማየት። የታመመው እግር ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ጤነኛው እግር ነው።

የቱ መንገድ ነው የተዘጋው?

ሦስት መንገዶች አሉ። ደም ቅዳ (አርተሪ) ደም ያደርሳል። ደም መልስ (ቬይን) ይመልሳል። ሊምፍ ደግሞ ከቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ወጥቶ በሥጋው መሀል የቀረውን ፈሳሽና ፕሮቲን ይሰበስባል፣ በየመንገዱ ባሉ እጢዎች ያጣራዋል፣ አንገት ሥር ባሉ ትልልቅ ቬይኖች በኩል ወደ ደም ይመልሰዋል።

ደም ካልደረሰ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል፣ ያማል። ደም ካልተመለሰ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቆዳው ይጠቁራል። ሊምፉ ካልተነሳ እብጠቱ እየቆየ ይጠጥራል፣ ቆዳው ይወፍራል። ከዚህ በኋላ የምትጠይቁትም ሆነ የምትዳስሱት ሁሉ ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ነው።

ቬይን ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ከእግር ወደ ላይ ደም የሚገፋው በዋናነት የባት ጡንቻ ነው፣ እንዳይመለስ የሚይዘው ደግሞ በቬይኑ ውስጥ ያለው ቫልቭ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው እግሩ የሚያብጠው፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ደም የሚረጋበት ለዚህ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ

ጥሩ ጥያቄ የምርመራውን ግማሽ ይሠራል። «እግርዎን ያምዎታል?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። እንዲህ ጠይቁ፦ «ሲራመዱ ባትዎን ይይዝዎታል? ምን ያህል ከሄዱ በኋላ? ቆም ሲሉስ ይተውዎታል?»

የአርተሪ ጥበት ሕመም ጸባይ አለው። ሁልጊዜ ተመሳሳይ ርቀት ላይ ይጀምራል፣ አንድ የታወቀ ጡንቻ ይይዛል፣ ቆም ሲሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ባት ላይ ከሆነ ጥበቱ ብዙ ጊዜ ጭን ውስጥ ነው። ዳሌና መቀመጫ ላይ ከሆነ ከዚያ በላይ ሆድ ውስጥ ነው። ቆሞ ማረፉ ብቻ የማያሻሽለው፣ መቀመጥ ወይም ወደ ፊት ማጎንበስ የሚፈልግ ሕመም ግን ከጀርባ አጥንት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋው በዕረፍት ጊዜ የሚመጣ ሕመም ነው። ታካሚው ማታ የእግሩ ፊትና ጣቶቹ ያቃጥሉታል፣ ከእንቅልፉ ይነሣል፣ እግሩን ከአልጋ ሲያንጠለጥል ቀለል ይለዋል። ይህን ስትሰሙ ለሐኪም ለመንገር አትዘግዩ። የቬይን ችግር ተቃራኒው ነው፦ ወደ ማታ ይከብዳል፣ እግር ከፍ ሲደረግ ይሻላል። ሲያንጠለጥሉ ይሻላል ወይስ ሲሰቅሉ? ይህችን ጥያቄ በቃላችሁ ያዙ።

ከዚያ ታሪኩን ጠይቁ። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የልብ ሕመም ለአርተሪ። በቅርቡ የተደረገ ኦፕሬሽን፣ ለረጅም ጊዜ መተኛት፣ ካንሰር፣ እርግዝናና ወሊድ፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ ከዚህ በፊት የረጋ ደም ለቬይን። የብብት ወይም የብሽሽት እጢ የወጣለት፣ ጨረር የተሰጠው፣ ያለጫማ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የሄደ ወይም ፊላሪያ (በትንኝ የሚተላለፍ የሊምፍ ትል) ያለበት አካባቢ የኖረ ሰው ደግሞ ለሊምፍ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ ጻፉ። መድኃኒቱንም እዩ። አምሎዲፒን ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ኩላሊቱ ወይም ልቡ ቀድሞ ይጠረጠራል።

ዝግጅት

ክፍሉ ሞቅ ይበል። ብርድ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የጤነኛም ጣት ይገረጣል። ታካሚው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በጀርባው ተኝቶ ይረፍ። ጨዋነቱን ጠብቃችሁ ሸፍኑት፣ ሁለቱን እግር ግን ከጭን እስከ ጣት ግለጡ። ካልሲ ይውለቅ። የአንዱን ብቻ ማውለቅ አይጠቅምም። ፋሻ ካለና መፍታት ከተፈቀደ ፍቱት። እጃችሁን ታጠቡ፣ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ። ሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ስቴቶስኮፕ፣ ካለ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ) እና ጄል፣ ቆዳ ላይ የሚጽፍ ብዕር አጠገባችሁ ይሁን።

አሁን እዩ

ከላይ ወደ ታች፣ ግራውን ከቀኙ እያስተያያችሁ። መጠኑ እኩል ነው? ቀለሙስ? ፀጉሩ ባት ላይ ቀርቷል? ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል? ጥፍሩ ወፍሯል? ፀጉር የሌለው፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሳሳ ቆዳ ደም ለረጅም ጊዜ እንደጎደለው ይጠቁማል።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቀለም ማንበብ ለየት ይላል፣ ብዙ መማሪያዎች ግን በነጣ ቆዳ ብቻ ያስተምራሉ። መገርጣትን ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥርና የዓይን ሽፋን ውስጥ ፈልጉ። የኦክስጅን እጥረት ሰማያዊ ሳይሆን አመድማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። መቅላት ደግሞ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሙቀትን፣ የቆዳ መወጠርንና ሕመምን እመኑ። ከሁሉም በላይ ከሌላው እግር ጋር አስተያዩ።

በጣቶች መሀል ገልጣችሁ እዩ፣ ተረከዝም አንሡ። ስኳር ያለበት ሰው ስሜቱ ስለሚደነዝዝ ቁስሉን ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ቁስል ካለ የት እንደሆነ ብዙ ይናገራል። የአርተሪ ቁስል ጣት ጫፍ፣ ተረከዝ ወይም አጥንት የወጣበት ቦታ ላይ ይሆናል፤ ጠርዙ በስለት የተቆረጠ ይመስላል፣ መሀሉ ገርጣ ወይም ጥቁር ነው፣ ብዙም አይደማም፣ በጣም ያማል። የቬይን ቁስል ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ ነው፤ ጥልቀት የለውም፣ ጠርዙ የተዛነፈ ነው፣ ፈሳሽ ያዥበታል፣ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ይጠጥራል። የስኳር ቁስል ደግሞ ውስጥ እግር ላይ፣ ጫና በሚበዛበት ቦታ፣ በጠነከረ ቆዳ መሀል ይገኛል፣ ላያምም ይችላል።

የተጠማዘዙ ቬይኖችን ተኝቶ አትፈልጉ። ታካሚውን አቁሙት፣ ያኔ ይወጣሉ።

መዳሰስ

ሙቀቱን በእጃችሁ ጀርባ ከጣት ወደ ጭን ውጡበት፣ ሁለቱን እግር በአንድ ጊዜ። ቅዝቃዜው የት ላይ እንደሚጀምር አስታውሱ። ሁለቱም እግር እኩል ቢቀዘቅዝ ብርዱ ወይም ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ቀጥሎ የደም መመለሻ ፍጥነት። ጥፍሩን ወይም የጣቱን ጫፍ ለ5 ሰከንድ ያህል ተጫኑና ልቀቁ። በአዋቂ ሰው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ብርድና ዕድሜ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ለብቻው ፍርድ አይሰጥም። የጥፍር ቀለም ካለ ይነሣ።

ትርታውን በሁለትና በሦስት ጣት ጫፍ እንጂ በአውራ ጣት አትፈልጉ። አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው። ከአንገት ጀምሩ፤ የአንገቱን ሁለቱን በአንድ ጊዜ በፍጹም አትጫኑ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ከዚያ ክርን ውስጥ፣ የእጅ አንጓ በሁለቱ ጎን፣ ብሽሽት፣ ቋንጃ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ፣ የእግር ላይኛው ገጽ። ከአንገቱ በቀር ሌላውን ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ያዙ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ምቱ ካልተስተካከለ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ።

በጣም የሚያስቸግረው የእግር ላይኛው ገጽ ትርታ ነው። ታካሚው አውራ ጣቱን ወደ ላይ እንዲያነሣ ጠይቁ። ጅማቱ ይወጣል። ጣቶቻችሁን ከጅማቱ ወደ ውጪ በኩል አሳርፉ፣ እግሩ መሀል አካባቢ፣ ታካሚው ጣቱን እንዲያወርድ ንገሩት። አሁን ጫና አታብዙ። እዚህ ያለው አርተሪ ቆዳ ሥር ቅርብ ነው፣ ስትጫኑት ይጠፋል። ጣታችሁን እዚያው አቁማችሁ ጠብቁ። ካልመጣ ትንሽ ወደ ጎን ውሰዱና እንደገና ጠብቁ። የተሰማችሁ የራሳችሁ ምት መሆኑን ከተጠራጠራችሁ በሌላ እጃችሁ የታካሚውን አንጓ ያዙ፤ ሁለቱ አብረው ከመቱ የእሱ ነው። በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ይህ ትርታ ከተፈጥሮው አይገኝም። ስለዚህ አልተገኘም ብላችሁ ከመደናገጣችሁ በፊት ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ያለውን ፈልጉ።

ለቋንጃው ጉልበቱን በትንሹ አጥፉ፣ የሁለት እጃችሁን ጣቶች ከኋላ አስገብታችሁ በጥልቀት ተጫኑ። እዚህ ደግሞ ጠንከር ያለ ጫና ያስፈልጋል። ልብ ካላላችሁት የሚያልፋችሁ ነገር አለ፦ በጣም ሰፊና ጠንካራ የሆነ የቋንጃ ትርታ የአርተሪ መነፋት (አኑሪዝም) ሊሆን ይችላልና ሪፖርት አድርጉት።

ጥንካሬውን በቁጥር ጻፉ። 0 የለም፣ 1+ ደካማ፣ 2+ መደበኛ፣ 3+ ከመደበኛው በላይ ነው። እስከ 3 የሚቆጥር ተቋም አለ፣ እስከ 4 የሚቆጥርም አለ። ስለዚህ 2+/3 ወይም 2+/4 ብላችሁ ጻፉ፣ የምታነበው ነርስ አትገምት።

በጣት ካልተገኘ ዶፕለር ውሰዱ። ጄል አድርጉ፣ መሣሪያውን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ወደ ደሙ አቅጣጫ አጋድሙት፣ ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ። ስታገኙት ቦታውን በብዕር ምልክት አድርጉበት። ይህች ምልክት ለቀጣዩ ተረኛ ብዙ ደቂቃ ታተርፋለች።

እብጠት

በአውራ ጣት ቅልጥም ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ እና የእግር ገጽ ላይ ለ5 ሰከንድ ተጫኑ። ሲለቀቅ ከሰረጎደ ጥልቀቱን ገምቱ፦ 2 ሚሊሜትር ያህል 1+፣ 4 ሚሊሜትር 2+፣ 6 ሚሊሜትር 3+፣ 8 ሚሊሜትር 4+። እኔ ግን ሜትሩን የበለጠ አምነዋለሁ። የሁለት ነርስ ጣት እኩል አይጫንም፣ ሜትር ግን ያው ነው። ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ ምልክት አድርጉ፣ የባቱን ዙሪያ ለኩ፣ በሌላውም እግር በዚያው ርቀት ድገሙ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ላይ ፈሳሹ ወደ ወገብ ስለሚወርድ ጀርባውን ከመቀመጫው በላይ ተጫኑ።

ሁለቱም እግር ካበጠ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የፕሮቲን እጥረት ወይም መድኃኒት አስቡ። አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው። ባቱ ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከበለጠ፣ ሞቅ ካለ፣ ሲነካ ካመመ የደም መርጋት ጠርጥሩ። አታሹት። እግርን ወደ ላይ ቀልብሶ ባት ያማል ወይ ብሎ የሚፈትነውን የድሮ ዘዴ ተዉት፤ ያለውን ይስታል፣ የሌለውን ያገኛል። እዚህ ላይ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ሐኪም ጥሩ።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚደረጉ ፈተናዎች

የአርተሪ ጥበት ከጠረጠራችሁ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ሁለቱን እግር ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ። ውስጥ እግሩን እዩ። በጣም ከገረጣ ልብ በሉ። ከዚያ አስቀምጡት፣ እግሩን ያንጠልጥል። ጤነኛ እግር በ10 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ይመለሳል፣ ቬይኖቹ በ15 ሰከንድ ገደማ ይሞላሉ። የዘገየ፣ ቀጥሎም ደማቅ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ የሆነ እግር ደም ጎድሎታል። ይህ ቅላት እንደ ኢንፌክሽን ሊታይ ይችላል፤ እግሩን መልሳችሁ ከፍ ስታደርጉ ከጠፋ ግን ኢንፌክሽን አይደለም።

ከእጅ አንጓ አርተሪ ደም ከመውሰዳችሁ በፊት በሌላ በኩል ያለው አርተሪ ለእጁ እንደሚበቃ አረጋግጡ። ታካሚው እጁን ይጨብጥ። ሁለቱንም አርተሪዎች ተጫኑ። እጁን ሳይለጥጥ ዘና አድርጎ ይክፈት፣ መዳፉ ይገረጣል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ልቀቁ። ቀለሙ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ በቂ ነው። ካልተመለሰ ከዚያ እጅ አትውሰዱ።

የቁርጭምጭሚትና የክንድ ግፊት ንጽጽር፣ ኤቢአይ የሚባለው፣ ነርስ በሚገባ ልትሠራው የምትችለው ትልቅ ምርመራ ነው። ታካሚው ተኝቶ ካረፈ በኋላ የሁለቱንም ክንድ ሲስቶሊክ (የላይኛውን) ግፊት በዶፕለር ውሰዱ፣ ከፍተኛውን ያዙ። ካፉን (የግፊት መለኪያውን መጠቅለያ) ከቁርጭምጭሚት በላይ እሰሩና የእግር ገጹንና ከቁርጭምጭሚት ጀርባ ያለውን ለኩ፣ ከፍተኛውን ያዙ። የእግሩን ለክንዱ አካፍሉ። ለምሳሌ ክንዶቹ 128 እና 124 ቢሆኑ 128 ትወስዳላችሁ። ቀኝ እግር 96 እና 102 ከሆነ 102 ሲካፈል ለ128፣ 0.80 ይሆናል። ግራው 130 ቢሆን 1.02 ነው። ከ1.0 እስከ 1.4 መደበኛ፣ ከ0.91 እስከ 0.99 ድንበር ላይ፣ 0.90 እና ከዚያ በታች የአርተሪ ሕመም ነው። ከ0.4 በታች ከባድ ነው። ከ1.4 በላይ ሲሆን ደስ አይበላችሁ፣ በስኳርና በኩላሊት ሕመም አርተሪው ጠጥሮ ካፉ አልተጫነውም ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ለቁስል ሕክምና ወሳኝ ነው። የቬይን ቁስል ነው ብላችሁ ፋሻ አጥብቃችሁ ከመጠቅለላችሁ በፊት ኤቢአይ ይታይ። ከ0.5 በታች ከሆነ ጠባብ ፋሻ አይደረግም። በ0.5 እና በ0.8 መካከል ውሳኔው የልዩ ባለሙያ ነው። ሳይለካ የታሰረ ፋሻ እግር ሊያሳጣ ይችላል።

የሊምፍ እጢዎች

በጠቋሚና በመካከለኛ ጣት ጫፍ፣ በቀስታ ክብ እያዞራችሁ ዳስሱ። ጫና ሲበዛ ትንሹ እጢ ወደ ጡንቻው ይገባና ያመልጣል። አንገት ላይ ከጆሮ ፊት ጀምሩ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ማጅራት፣ ከመንጋጋ ማዕዘን፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ከአገጭ ሥር፣ ከዚያ በአንገት ጎንና ኋላ ወርዳችሁ ክላቪክል (ከአንገት ሥር ያለው አግድም አጥንት) ላይ ጨርሱ።

ለብብት የታካሚውን ክንድ እናንተ ያዙለት። ራሱ ከያዘው ጡንቻው ይወጠራል። ጣቶቻችሁን ወደ ላይ ጥግ ድረስ አስገቡ፣ ከደረቱ ግድግዳ ጋር አጣብቃችሁ ወደ ታች ጎትቱ። ከዚያ ክርኑን አጥፋችሁ ከውስጥ በኩል ካለው ጉብታ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ዳስሱ። ብሽሽት ላይ ሁለት ረድፍ አለ፣ አንዱ በብሽሽቱ እጥፋት አግድም፣ አንዱ በጭን ውስጥ ወደ ታች።

እጢ ካገኛችሁ «ንፍፊት አለ» ብቻ አትበሉ። መጠኑን፣ ብዛቱን፣ ያማል ወይስ አያምም፣ ለስላሳ ነው ወይስ ጠጣር፣ ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል፣ ጻፉ። የሚያምም፣ የሚንቀሳቀስ፣ ለስላሳ እጢ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። የማያምም፣ ጠጣርና የተጣበቀ ለካንሰር ያሳስባል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ትኩረት ይፈልጋል፣ ብሽሽት ላይ ግን በጤነኛ ሰውም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሊገኝ ይችላል። ከክላቪክል በላይ የሚገኝ እጢ ምንም ያህል ትንሽ ይሁን ለሐኪም ይነገር። ተቀራራቢ ባልሆኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቦታዎች ካበጡ ኤችአይቪ፣ ቲቢና ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ይታሰባሉ።

ቀጥላችሁ እጢው ከየት እንደሚቀበል ፈልጉ። የብሽሽት እጢ ካበጠ እግሩን እስከ ጣቶች መሀል፣ ብልትንና ፊንጢጣ አካባቢን እዩ። ከቁስል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ከትኩሳት ጋር ከታየ ኢንፌክሽኑ በሊምፍ መንገድ እየሄደ ነው፣ ይቸኮል።

ዝሆኔን ወይም ሌላ የሊምፍ እብጠትን ከቬይን እብጠት ለመለየት የእግር ሁለተኛ ጣት ሥር ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ አንሡ። ካልተነሣ የሊምፍ እብጠት ነው። መነሣቱ ግን የለም ማለት አይደለም፣ በጅማሬው ላይ ይነሣል፣ ሲጫኑትም ይሰረጉዳል። የሊምፍ እብጠት የእግር ገጽንና ጣቶችን አይምርም።

የማይጠበቅበት ሁኔታ

ድንገት ያመመ፣ የገረጣ፣ የቀዘቀዘ፣ ትርታው የጠፋ፣ የደነዘዘ፣ መንቀሳቀስ ያቃተው እጅ ወይም እግር ድንገተኛ ነው። ስድስቱም እስኪሟሉ አትጠብቁ። መደንዘዝና መንቀሳቀስ አለመቻል ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። ደም ከቆመ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ሐኪም ጥሩ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ እግሩን ከፍ አታድርጉ፣ በሙቅ ውኃ ወይም በማሞቂያ አታሙቁ፤ የደነዘዘ ቆዳ ቃጠሎውን አያውቅም።

እንዴት ይጻፍ?

ለምሳሌ እንዲህ፦ «10፡00። ቀኝ እግር ከባት መሀል በታች ከግራው ይቀዘቅዛል። ውስጥ እግሩ ገርጣ። የደም መመለሻ 5 ሰከንድ፣ ግራ 2። ብሽሽት ሁለቱም 2+/3። ቋንጃ ቀኝ 1+፣ ግራ 2+። እግር ገጽ ቀኝ በጣት 0፣ በዶፕለር ይሰማል፣ ምልክት ተደርጓል፣ ግራ 2+። ስሜትና እንቅስቃሴ ሁለቱም ደህና። ባት ቀኝ 34፣ ግራ 34 ሴንቲ ሜትር። የብሽሽት እጢ የለም። ለተረኛ ሐኪም 10፡05 ተነግሯል። በየሰዓቱ ይታያል።»

ተረኛ ስትቀያየሩ ሁለታችሁም አብራችሁ አልጋው ዘንድ ሂዱ፣ ምልክቱ ላይ ጣት አሳርፉ፣ የምትረከበው ነርስ ራሷ ትዳስሰው።